ከታንኳ ሳትወርድ የቆጠረች

ስልኩ ሲጮህ ታንኳ እያሰርሁ ነበር። ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል በጉልበቴ ተጭኜ የገመዱን ጫፍ በጥርሴ ነክሻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ በባሕር ዳር ዙሪያ እንደኔ አጥብቆ ታንኳ የሚያስር የለም፤ አለ ከተባለም እኔ ያስተማርሁት ነው። የደወለችልኝ ከዶክተር ዘይነባ ጋር ትሠራ የነበረች አንዲት መምህርት ናት።

«አያ መኳንንት፣ አልሰሙም መሰለኝ» አለች። «ዘይነባ አረፈች። ትናንት ወረታ ቀበርናት።»

ገመዱ ከጥርሴ ወደቀ፤ ደንገሉም ተፈትቶ ተበተነ። መታመሟን እንኳ አላውቅም ነበር። ለካ ከቤተሰቧ በቀር ማንም አላወቀም። እንዲህ ነበረች፤ ስለ አንዲት ንብ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ትናገራለች፣ ስለ ራሷ ሲሆን ግን አንድ ቃል አይወጣትም።

ያን ቀን ሥራዬን ሳልጨርስ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የነሣኝ ሐዘኑ ብቻ አይደለም። አንድ ቢሮ ውስጥ፣ አንድ መዝገብ ላይ፣ ስለ ዘይነባ የተጻፈ ሐሰት አለ። ያን ሐሰት የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህንንም የምጽፈው ስለዚሁ ነው።

አንባቢ መቼም «ታንኳ አሳሪ ደግሞ ምን ይጽፋል?» ማለቱ አይቀርም። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም፤ ፊደል የቆጠርሁት ሐይቁ ላይ ነው። በወጣትነቴ ወደ ደሴቶቹ የሚመላለስ አንድ ዲያቆን ነበር። ለመሻገሪያ የሚሰጠኝ ሲያጣ «እንግዲያው አስተምረኝ» አልሁት። ስንሄድ ሀ ሁ፣ ስንመለስ ለ ሉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዳዊት ደገምሁ። ዲያቆኑ በኋላ «መኳንንት እኔንም በለጠኝ» ሲል የሰሙ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ።

የዕፅዋቱንም ነገር እንዲሁ በራሴ ነው የተማርሁት። ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ዶቅማው፣ ግራዋው መቼ እንደሚያብብ፣ በየትኛው አበባ ላይ ምን እንደሚያርፍ አውቃለሁ። የኮሌጅ ሰዎች ቅጠል እያሳዩ ስም ሲጠይቁኝ እኔም የእነሱን መጠሪያ እጠይቃቸው ነበርና፣ የላቲኑን ስም እንኳ ብዙውን በቃሌ ይዣለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ስሜን ያስጠራው ጣዝማ ነው።

ጣዝማ ከዝንብ የምታንስ፣ የማትናደፍ ጥቁር ንብ ናት። መሬት ውስጥ ትኖራለች፤ ማሯ ለሳልና ለደረት መድኃኒት ነው። የጎጆዋ በር ከእርሳስ ጫፍ የማይበልጥ ቀዳዳ ስለሆነ ሰው ዓመት ሙሉ ሲረግጠው ይኖራል እንጂ አያየውም። እኔ አየዋለሁ። ዘዴውን ማንም አላስተማረኝም። ጧት ፀሐይ ስትወጣ ፀሐይዋን ፊት ለፊት አድርገህ በደረትህ ትተኛለህ፤ ጉንጭህን መሬት ታስነካለህ። ጣዝማዋ ስትገባና ስትወጣ ክንፏ ብልጭ ይላል። ብልጭ ያለበትን መከተል ነው። ከመሸንቲ ድረስ ሰው እየመጣ «በሽተኛ አለብኝ፣ ፈልግልኝ» ይለኝ ነበር።

ዘይነባም ከኮሌጅ የመጣችው በዚሁ ዝናዬ ነው።

«ጣዝማ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት አሉ» አለችኝ። ቀጠን ያለች፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ የምታስር፣ ከሠላሳ አምስት የማትበልጥ ሴት።

«እኔ ነኝ። ከኔ ሌላ የሚያውቅ ካለ አምጪልኝና ልየው።»

ሳቀች። «እንግዲያው ያሳዩኛ።»

«ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት። ግን ልብስ ቀይረሽ ነይ፤ መሬት ላይ ነው የምንተኛው።»

በማግስቱ ያንኑ የመሰለ ነጭ ቀሚስ ለብሳ መጣች። «ምነው ሳትቀይሪ?» ብላት «ቀይሬያለሁ፤ ያለኝ ሁሉ ነጭ ነው» አለችኝ። ሻሿን ጠበቅ አደረገች፣ «ቢስሚላህ» አለች፣ ጤዛ ላይ ተዘረጋች። ጉንዳን በዐይኗ ቆብ ላይ ሲሄድ እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። የተማረ ሰው እንደዚህ መሬት ላይ ሲተኛ ያን ቀን መጀመሪያዬ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ በሹክሹክታ «አየኋት» አለች። እኔ ገና አላየሁም ነበር። ፀሐይዋ አልተመቸችኝም ብዬ ተውሁት።

በዚያው ቀን «ሲቆፈር ንቧ የት ትሄዳለች?» ስትል ጠየቀችኝ።

«የት ትሄዳለች? ታልቃለች እንጂ።»

«እስከ ዛሬ ስንት ቆፍረዋል?»

«እሱማ ተቆጥሮ አያልቅም!» አልኋት ደረቴን ነፍቼ።

ደብተሯን ከደነች። አልገሠጸችኝም። ተነሥታ ወደ መንገዱ ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ ለጣዝማ ዶማ አላነሣሁም። አንዲት ሴት ደብተር ስለ ከደነች የአርባ ዓመት ሙያውን የተወ ሰው እኔን ብቻ ነው የማውቀው።

የምትጽፈው በእርሳስ ብቻ ነው። ሌላም ልማድ ነበራት፤ ቁጥር ስትነግራት ቶሎ አትጽፍም። መጀመሪያ ቁጥሩን ትደግመዋለች፣ ቀጥላ ዐይንህን ታያለች፣ ከዚያ ነው የምትጽፈው። ሰዉ ይህን ነገሯን አይወድላትም። «ሌባ አደረገችኝ» ብሎ ጥሏት የሄደ ሰው አለ።

አባቷ ሐጂ ኑርዬ ወረታ ላይ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። በስልክ ሲያወሩ ታንኳው ላይ ሆኜ እሰማቸው ነበር። «ዶክተር ትሆንልኛለች ብዬ አስተምሬ፣ መርፌ የማትወጋ ዶክተር ወጣችልኝ! ጎረቤቱ ሁሉ ራሱን ባመመው ቁጥር በሬን ያንኳኳል፤ ምን ልበለው?»

«ንብ ከሆነ ይምጣ በለው፣ አባዬ።»

ሥራዋ ይህ ነበር። በሐይቁ ዳር ጫትና አትክልት እየተስፋፋ፣ ግራዋውና ብሳናው እየተመነጠረ፣ ደንገሉም እየታጨደ ነው። የተባይ መድኃኒትም ይረጫል። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ በዳርቻው ያለውን የጣዝማ ጎጆ ስንቆጥር በየዓመቱ ያንሳል። እሷ መድኃኒቱን ጠርጥራለች። ግን ጥርጣሬን አትጽፍም፤ መድኃኒት ከማይረጭበት ቦታ ጋር ማመዛዘን ፈለገች። መድኃኒት የማይደርስበት ቦታ ደግሞ ከፊታችን ያለው ደሴት ነው። በደሴቱ ላይ ገዳም አለ፤ ሴት አይገባበትም።

መጀመሪያ የሄድን ቀን አባ ኪዳነ የሚባሉት መነኩሴ ታንኳ መጠጊያው ድንጋይ ላይ ቆመው ጠበቁን።

«ምን ፈልጋ ነው?» አሉኝ፣ እሷ እንደሌለች ሁሉ።

«ጣዝማ ልትቆጥር ነው አባ።»

«ምነው፣ ግብር ሊጣልባቸው ነው?»

ዘይነባ ከታንኳው ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አይደለም አባ፣ እንዳይጠፉ ነው» አለች።

«ልጄ፣ ሕጋችን ሴት አያስገባም።»

«አውቃለሁ። ሕጉ የእናንተ ነው፤ እኔ ከታንኳ አልወርድም። አያ መኳንንት ገብተው ይቆጥሩልኝ።»

አልወረደችም። አንድ ቀን አባ ኪዳነ ራሳቸው «ድንጋዩ ከወሰኑ ውጪ ነው፤ ወርደሽ እግርሽን ዘርጊ» ቢሏት «ዛሬ ድንጋዩ ላይ ከተቀመጥሁ ነገ ከድንጋዩ ማዶ ያለውን ማየት ያምረኛል» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ አባ ከገዳሙ ሎሚ እየለቀሙ ይወረውሩላት ጀመር።

በመጀመሪያው ዓመት በደሴቱ ላይ ሃያ ሦስት የጣዝማ ጎጆ ቆጠርሁ። ሃያ ሦስቱንም በዐይኔ አይቻለሁ፤ ይህን በማንም ፊት እምላለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ዐይኔን ሞራ ጋረደኝ። ሰውን ከሩቅ በአረማመዱ ነበር የምለየው። ለሚስቴም አልነገርሁ። ታላቁ ጣዝማ ፈላጊ መኳንንት ዐይኑ ታመመ ከሚባል ሞቴን እመርጥ ነበር። በዚያች ጧት ደሴቱ ላይ በደረቴ ተኛሁ፤ ፀሐይዋ ወተት ሆነችብኝ። ብልጭ የሚል ነገር የለም። ቀዳዳዎቹ የነበሩበትን ቦታ አውቃለሁና እየዞርሁ በእጄ ዳሰስሁ፤ ቅጠልና አፈር ብቻ ነው። «ያሉት መቼም አሉ፤ ዐይኔ ነው እንጂ» አልሁ። ወደ ታንኳው ተመልሼ «ሃያ ሁለት» አልኋት። እንዳያስጠረጥር አንዷን ቀንሼ። ውሸት እንኳ ሲሆን ሥራ አላበላሽም።

«ሃያ ሁለት» ብላ ደገመች። የታመመ ዐይኔን አየች። ጻፈች።

በሦስተኛው ዓመት ባሕር ዳር ላይ ጉባኤ ተጠራ። ከሐይቁ ዳር አርባ እርምጃ ያህል መሬት እንዳይመነጠርና መድኃኒት እንዳይረጭበት ይከልከል ወይስ አይከልከል የሚለው የሚወሰንበት ነው። የዘይነባ ወረቀት ከነሃያ ሁለቱ ታትሞ ለጉባኤተኛው አስቀድሞ ታድሏል። መድኃኒት በሚረጭበት ዳርቻ ጣዝማ እያለቀ ነው፣ በማይረጭበት ደሴት ግን አለ፤ ነገሩ ሁሉ በዚህ ላይ ቆሟል። ጉባኤው አምስት ቀን ሲቀረው «የዘንድሮውንም ቆጥረን እንጨምር» አለችና ተነሣን።

ፀሐይ ስትወጣ ደሴቱ ደረስን። ገባሁ፣ ተኛሁ፣ ምንም አላየሁም፣ ወጣሁ። ስመለስ አባ ኪዳነ ከድንጋዩ ላይ ቆመው ከዘይነባ ጋር ይነጋገራሉ።

«ስንት?» አለች።

«ሃያ አራት። ጨምረዋል እንግዲህ፣ ደስ ይበልሽ።»

አልደገመችውም። እርሳሱ በእጇ ነው። አባ ኪዳነን አየኋቸው፤ ፊታቸውን ባልለየውም ወደ መሬት እንዳቀረቀሩ አወቅሁ።

«አያ፣ አባ ሳል ይዟቸው የጣዝማ ማር ቢያስፈልጉ ያጡ ሁለት ዓመታቸው ነው ይሉኛል» አለች ቀስ ብላ።

«መነኩሴ ጣዝማ መፈለግ የት ያውቃል!» አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ለራሴም ተሰማኝ።

«ልክ ነው፣ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት» አለችና ስልኳን ዘረጋችልኝ። «አንዷን ብቻ ፎቶ አንሡልኝ። ከሃያ አራቱ አንዷን።»

«ነፋሱ ሊነሣ ነው፣ ዘይነባ። ታንኳውም ውሃ እየጠጣ ነው።»

«እጠብቃለሁ።»

ተመልሼ ገባሁ። የሐይቃችንን ጠባይ ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ጧት መስታወት ነው፣ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ታንኳ ይገለብጣል። የደንገል ታንኳም ውሃ ላይ በቆየ መጠን እየጠጣ ይከብዳል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ በአራት እግሬ እድሃለሁ። ሥር ሥሩን፣ የዶቅማውን ጥላ፣ ከዚህ በፊት የማውቃትን እያንዳንዷን ቦታ ሁሉ። ስልኩን መሬት ላይ ደፍቼ ዝም ብዬ አነሣሁ፤ ምናልባት ስልኩ እኔ ያላየሁትን ቢያይ ብዬ። ፀሐይዋ ወደ መሀል ሰማይ ወጣች። የደንገሉ ዳር መንሿሿት ሲጀምር ሰማሁ። ትታኝ በሄደች ብዬ ተመኘሁ፤ ብትሄድ አባ ኪዳነ ዘንድ አድሬ አንድ ነገር እፈጥር ነበር። ከድንጋዩ በኩል ግን ድምፅዋ «አያ መኳንንት!» እያለ ይመጣል። ቁጣ የለበትም፤ መኖሬን ለማወቅ ብቻ የሚጣራ ድምፅ ነው።

ወጣሁ። ታንኳው እስከ ወገቡ ሰምጧል። ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል፤ ነጩ ቀሚሷ ከታች ጭቃ ሆኗል፤ ከድንጋዩ እስከ እሷ አንድ እርምጃ ቢሆን ነው። አልወረደችም።

ስልኩን ሰጠኋት። «የለም» አልሁ።

«ጣዝማው ነው የሌለው?»

«አላውቅም» አልሁ። በሕይወቴ ይህን ቃል የተናገርሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። «ዐይኔ ካላየ ሁለት ዓመት ሆነው። የአምናውም ውሸት ነው።»

አባ ኪዳነ «እግዚኦ» አሉ። ማዕበሉ ድንጋዩን መምታት ጀምሯል።

«የዐይንዎ ነገር በሽታ ነው» አለች ዘይነባ። «የቁጥሩ ነገር ግን በሽታ አይደለም። ይቅዘፉ።»

ስንመለስ ማዕበሉ ያዘን። በዚያ ሐይቅ ላይ ስድሳ ዓመት ቀዝፌያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ከፊት ተቀምጣ በእጇ ውሃ እየቀዳች «ከቀኝ መጣ! አሁን ከግራ!» ትለኛለች፤ እኔ በቃሏ እቀዝፋለሁ። ዳር ስንደርስ ጫማዋን ደፍታ ውሃውን አፈሰሰችና ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። ሰው ሲሰድበኝ መልስ አላጣም።

በማግስቱ እንደገና ወሰደችኝ። በዚህ ጊዜ አባ ኪዳነ ዐይን ሆኑ፣ እኔ ብልሃት። መነኩሴው ቢጫ ካባቸውን ሰብስበው ከጎኔ በደረታቸው ሲተኙ «ለስግደት እንጂ ለዝንብ ተንበርክኬ አላውቅም፤ ኃጢአቱ ባንተ ይሁን» አሉኝ። ሁለት ቀን ፈጀብን። ቦታውን እኔ አሳያለሁ፣ ብልጭታውን እሳቸው ያያሉ። አራት ጎጆ አገኘን። አራት ብቻ።

ዘይነባ ታንኳዋ ላይ ሆና «አራት» ብላ ደገመች። አባ ኪዳነን አየች። ጻፈች። እያንዳንዳችን ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። የደሴቱም ካለቀ፣ ነገሩ መድኃኒቱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ያ ሃያ ሁለት ግን ሁሉም ሰው እጅ ላይ ታትሞ ተቀምጧል። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ አርባ እርምጃውም ይከለል ነበር።

«ዝም በዪ» አልኋት ስንመለስ። «ለጣዝማው ስትዪ ዝም በዪ። እኔም አልናገር፣ አባም አይናገሩ።»

«አያ፣ ለጣዝማው ብዬ ከዋሸሁ ሌላው ደግሞ ለጫቱ ብሎ ይዋሻል። ከዚያ ማን ማንን ያምናል?»

የጉባኤው ቀን ጋቢዬን ለብሼ ሄድሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጡኝ፤ «የአገሩ ሊቅ» ብለው ሲያስተዋውቁኝም ተጨበጨበልኝ። አንድ ገበሬ ተነሥቶ «እኔ ስምንት ነፍስ አሳድራለሁ፤ ለጢንዚዛ ብዬ ልጆቼን ላስርብ ነው?» አለ። ዘይነባ «አባቴ፣ ዱባዎ የሚያርፍበት ንብ አጥቶ አበባውን እየጣለ አላስቸገረዎትም?» ብትለው ጥቂት አሰበና «እሱስ አለ» ብሎ ተቀመጠ። አዳራሹ ወደ እሷ ሲያዘነብል ይታወቀኝ ነበር። ያኔ ሰብሳቢው ወረቀቱን አንሥቶ «ዋናው ነገር ደሴቱ ነው፤ ሃያ ሁለት ይላል» አለ።

ዘይነባ ብድግ አለች። «እሱን ቁጥር ሰርዙት። ልክ አይደለም። ትክክለኛው አራት ነው።»

ጉርምርምታ ሆነ። «እንዴት ሃያ ሁለት አራት ይሆናል?»

«ስህተት ነው።»

«የማን ስህተት?»

ጋቢዬን ሰብስቤ ልነሣ አልሁ። በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ ገና አሁን ያጨበጨበልኝ ነው። ዘይነባ ወደኔ ዘወር አላለችም፤ አንዴ እንኳ።

«የኔ» አለች። «ሳላረጋግጥ ጻፍሁ።»

«ታዲያ መድኃኒት በማይረጭበትም ካለቁ፣ መድኃኒቱ ነው ያልሽው ከየት አመጣሽው?»

«መድኃኒቱ ብቻ ላይሆን ይችላል። ምክንያቱን በሙሉ አላውቅም። የማውቀው እያለቁ መሆኑን ነው።»

ከኋላዬ አንዱ «አላውቅም ለማለት ነው ይህን ያህል የተማረችው?» አለ፤ ሳቁ። እኔ አልተነሣሁም። ተጨማሪ ጥናት ይቅረብ ተብሎ ተበተነ። ክረምቱ ሳይገባ አርባ እርምጃው ተመንጥሮ እስከ ውሃው ጫፍ ጫት ተተከለበት።

ከአዳራሹ ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቅኋት። እሷ ቀደመችኝ፤ «ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ታንኳ ያዘጋጁልኝ።»

«እኔ? ዋሽቼሽ?»

«እርስዎ ዋሽተው ጨርሰዋል። አዲስ ሰው ባመጣ ገና ከመጀመሪያው ሊጀምርብኝ ነው።»

ሳትሥቅ ነው የተናገረችው። በዚያው ወር ሆስፒታል ይዛኝ ሄደች፤ ሞራው ተነሣልኝ። ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ ጣቱን ዘርግቶ «ስንት ነው?» ሲለኝ «ሁለት» አልሁ። ዘይነባ ከበሩ ላይ ሆና «ዶክተር፣ እሳቸውን ሁለት ጊዜ ይጠይቋቸው» አለች። ያን ቀን ነው ሁለታችንም የሳቅነው። ከዚያ በኋላ አብረን ሦስት ጥቅምት ቆጠርን፤ በደሴቱ አራት፣ ሦስት፣ አምስት። ቁጥሩን ስነግራት ዐይኔን ማየቷን አልተወችም።

ለቅሶ ለመድረስ ወረታ ሄድሁ። ሐጂ ኑርዬ ከሰው መሀል ተቀምጠው ስለ ልጃቸው ይናገራሉ። «ከልጅነቷ ጀምሮ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ስትለካ ጣት አትስትም ነበር» ይላሉ። «አንድ ጊዜ ግን ባሕር ዳር ጉባኤ ላይ ቁጥር ተሳስታ፣ በሰው ፊት አፍራ፣ እዚህ መጥታ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ምን ነክቷት እንደሆነ እንጃ። አሁንም ያንገበግበኛል።»

ዘይነባ ለአባቷ እንኳ አልነገረችም ማለት ነው።

«ሐጂ፣ አልተሳሳተችም» አልሁ። ሰው ሁሉ ዞረ። ዐይኔን፣ ሃያ ሁለቱን፣ ጋቢዬን ሰብስቤ መቀመጤን፣ ሁሉንም ተናገርሁ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን እያዞሩ እንዲህ አሉኝ፦

«ይህን ለኔ ነገሩኝ፤ አላህ ይስጥዎ። እሷ ግን የኔ ስህተት ነው ያለችው ለኔ አይደለም፤ በጉባኤው ፊት ነው።»

በማግስቱ ባሕር ዳር ተመልሼ ቃለ ጉባኤው የሚቀመጥበት ቢሮ ሄድሁ። መዝገቡን የምትይዘው ልጅ ትሑት ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ፣ ፈልጋ አወጣችው፣ አነበበችልኝም። «የደሴቱ ቁጥር የተሳሳተው በአጥኚዋ ጥንቃቄ ጉድለት መሆኑን ራሳቸው አምነዋል» ይላል።

«እሷን ሰርዢና የኔን ስም አግቢበት» አልኋት።

«አባባ፣ ተፈርሞ የጸደቀ ቃለ ጉባኤ አይነካም።»

«ሐሰት ቢሆንስ?»

«ያን ቀን ተነሥተው ቢናገሩ ይጻፍ ነበር» አለችኝ፤ ልትነካኝ ብላ አይደለም፣ አሠራሩን ልታስረዳኝ ነው። «አሁን ግን የት ልጻፈው?»

ስለዚህ እዚህ ጻፍሁት። በሕይወቴ በብዙ ነገር ስሜ እንዲነሣ ፈልጌያለሁ፤ ብዙውም ይገባኛል። ይህኛውም ይገባኛል። በደሴቱ ላይ የሌሉ ጣዝማዎችን የቆጠርሁት እኔ መኳንንት ነኝ። ዶክተር ዘይነባ የኔን ስህተት «የኔ ነው» ስትል፣ እኔ ከእሷ ሦስት ረድፍ ራቅ ብዬ ተቀምጬ ነበር።